የመምህር ኮጋር አቤቱታ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። አረፍ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ግን ከሌላ ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

ኦርቪል ኮጋር የተገኘው ዓርብ ጠዋት ነው። በከተማችን በቲፕል ፎርክ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ፣ ከተመልካቾች መቀመጫ ደረጃ ሥር። በጀርባው ተዘርግቷል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል። ደሙ ሣሩ ላይ ደርቋል።

ፒክአፕ መኪናው ከሜዳው በር አጠገብ ቆማለች። ጎኗ ላይ በነጭ ቀለም፣ በትልልቁ፣ «አርፈህ ተቀመጥ» ተብሎ ተጽፎባታል።

መርማሪዋ ጄኔቫ ታኬት ጽሑፉን ደጋግማ አነበበችው። ሒሳብ ያስተማራት ኮጋር ነው። በዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሮ ጡረታ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር።

ማን ገደለው? ለከተማችን ሰው ይኼ ጥያቄ አልነበረም።

እኛ ዘንድ ትምህርት ቤቶች ለውድድር የሚመደቡት በተማሪ ብዛት ነው። ከሦስት መቶ ሃምሳ በታች ያለው ትንሹ ምድብ ውስጥ ይገባል። ሎውዘር የሚባለው የግል ትምህርት ቤት ሦስት መቶ ልጅ ስላለው ከእኛ ጋር ተመደበ። እኛ በሸለቆው የተወለደውን እናሰልፋለን። እነሱ ከአምስት አውራጃ ግዙፍ ግዙፉን ይለቅማሉ። አራት ዓመት ዋንጫውን ማንም አልነካባቸውም። አምና ሃምሳ ስምንት ለባዶ ሲረቱን ሁለቱ ልጆቻችን ከሜዳ የወጡት በአምቡላንስ ነው።

ኮጋር ውድድሩን ለሚመራው የስፖርት ማኅበር አቤቱታ ጻፈ። የግል ትምህርት ቤት ተማሪ አንዱ እንደ አንድ ተኩል ይቆጠር፣ እነሱም ወደ ላይኛው ምድብ ይውጡ አለ። ሰኞ ቀርቦ ሊያስረዳ ነበር። ሐሙስ በምሳ ሰዓት የሎውዘሩ አሰልጣኝ ብራድ ፌንዊክ ምግብ ቤት ውስጥ አገኘውና፣ የሚበላው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሽማግሌ፣ አርፈህ ተቀመጥ!» ብሎት ወጣ።

ዓርብ ከቀትር በፊት ፌንዊክ ታሰረ።

«ትናንት ከሰዓት፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ የት ነበርክ?» አለችው ጄኔቫ።

«መኪና ስነዳ።»

«ወዴት?»

«ዝም ብዬ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብለህ?»

«ምነው፣ መንዳትም ወንጀል ሆነ?»

«ብራድ፣ ይኼ ግድያ ነው። ዕድሜ ልክህን ትገባለህ። ከተማው ሁሉ ደግሞ አንተ ሆነህ እንድትገኝ ይፈልጋል። እናቴ ሳትቀር።»

ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም። የነበረበትን ግን አልናገርም አለ።

ጄኔቫ ወደ ኮጋር ፒክአፕ ተመለሰች። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ፊደሉን ጠረገችው። ለቀቀ። የግድግዳም የመኪናም ቀለም እንዲህ አይለቅም። እንዲህ የሚለቀው የሣር ቀለም ነው፤ ለሜዳ መስመር የሚቀባው።

እየሮጠች ወደ ፌንዊክ ተመለሰች።

«ሜዳችሁን ማን ነው መስመር የሚቀባው?»

«ማንም!» አለ ፌንዊክ። እስር ቤት ሆኖ እንኳ ኩራቱ አልለቀቀውም። «የእኛ ሣር ሰው ሠራሽ ነው። መስመሩ ከፋብሪካ አብሮት ነው የመጣው። እንደ እናንተ በእጅ የምንቀባ መሰለሽ?»

«እንግዲያው መኪናው ላይ ያለው የሣር ቀለም የእናንተ አይደለም። ላተርፍህ ነው፣ አግዘኝ። የት ነበርክ?»

አንገቱን ደፋ። «ሌላ አውራጃ። አንድ ጎበዝ ልጅ አለ… ወደ እኛ እንዲመጣ እናቱን ላግባባ ሄጄ ነበር።»

«ክልክል ነው እኮ።»

«ከተሰማ ትምህርት ቤታችን ይታገዳል።»

«ለዚህ ብለህ ነፍስ ገዳይ ልትባል?»

«ኋላ ይለቁኛል ብዬ ነዋ!»

«ስለዚህ ሚስተር ኮጋር ያለው ሁሉ እውነት ነበር።»

የእናትየዋን ስልክ ቁጥር ሰጣት። የልጁ እናት በስልክ አረጋገጠች፤ በዚያ ሰዓት ፌንዊክ እሷ ቤት ተቀምጦ ነበር።

በዚህ አውራጃ ሣር የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ የእኛው አሰልጣኝ፣ ምክትል ርእሰ መምህሩ ዴል ማሎሪ። ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየሐሙሱ፣ የመስመር መቀቢያዋን ማሽን ራሱ እየገፋ። ግን እሱ የኮጋር የልብ ወዳጅ ነው። አቤቱታው ላይ መጀመሪያ የፈረመውም እሱ ነው።

ጄኔቫ ግራ ገብቷት፣ ሁላችን በአክብሮት ሚስ ኢርማ ወደምንላቸው የኮጋር ሚስት ሄደች።

«ሚስ ኢርማ፣ ሰሞኑን ያስጨነቀው ነገር ነበር?»

አሮጊቷ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። አሥራ አንድ ስም።

«የእነዚህን ልጆች ቤት ሲያንኳኳ ሰነበተ። ለአቤቱታው ቁጥር ሲያመሳክር ነው የደረሰበት። የእኛ ትምህርት ቤት ሦስት መቶ ስድሳ ልጅ አለው። ለማኅበሩ የተላከው ሦስት መቶ አርባ ዘጠኝ ነው።»

«አሥራ አንዱስ?»

«ከመቁጠሪያው ቀን በፊት ‹ቤታቸው ሆነው ይማራሉ› ተብለው ተሰረዙ። መጽሐፍ የላከላቸው የለም፤ አስተማሪም አልመጣ። አውቶቡሱ አልፏቸው ይሄዳል። ያቺ የትምህርት ቤት ምሳም ቀረችባቸው። ኳስ የማይጫወቱ ናቸው። ወላጆቻቸው ቢሮ ገብተው መጮህ የማያውቁ ናቸው። መርጦ ነው የሰረዘው፣ የኔ ልጅ።»

«መዝገቡ በማን እጅ ነው?»

ሚስ ኢርማ አለቀሱ። «ኧረ ዴል እኮ እዚህ ማዕድ ላይ ነው የሚበላው!»

ማሎሪን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ የራስ ቁር ሲደረድር አገኘችው።

«አሰልጣኝ፣ ሐሙስ መስመር ቀብተሃል?»

«ሐሙስ ያልቀባሁበት ቀን አለ?»

«ሚስተር ኮጋርን አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«የወደቀበት ቦታ ከመስመሩ አሥር እርምጃ ነው።»

«አጎንብሼ ነው የምሠራው ጄኔቫ፣ ምን ነካሽ!»

«መኪናው ላይ ያለው ቀለም በምራቅ ይለቃል፣ ዴል። ሎውዘሮች እንዲህ ያለ ቀለም የላቸውም።»

አግዳሚው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስሞቹን አገኘሻቸው?»

«አሥራ አንዱንም።»

«ሰኞ መጀመሪያ የእኛን ጉድ ሊናገር ነበር። ‹እኛ ሳንጸዳ በእነሱ ፍረዱ አልልም› አለኝ። ለመንኩት። ወደ ላይኛው ምድብ ብንወጣ ልጆቼን ይሰባብሯቸዋል አልኩት። ‹አሥራ አንዱስ የማን ልጆች ናቸው?› አለኝ። ከደረጃው ገፋሁት።»

«ሲወድቅ ይተነፍስ ነበር?»

አንድ የራስ ቁር አንስቶ በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

«ዴል!»

«ይተነፍስ ነበር።»

«አንተ ምን አደረግህ?»

«መስመሩ ገና ግማሽ ነበር።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ጨረስኩት። ስጨርስ ትንፋሹ የለም። ከዚያ ፌንዊክ ያለው ትዝ አለኝ፣ ጻፍኩት።»

ሰኞ ማኅበሩ ፊት የቆሙት ሚስ ኢርማ ናቸው። የባላቸውን ወረቀት አነበቡ፤ መጀመሪያ የእኛን፣ ቀጥሎ የእነሱን። እኛ ሁለት ዓመት ታገድን፣ ሎውዘር አንድ ዓመት። የግል ትምህርት ቤቶች አቆጣጠር ጉዳይ ለከርሞ ይታይ ተብሎ ታለፈ። እስከ ዛሬ ከርሞ አልደረሰም። የከተማው ሰው በማሎሪ ሳይሆን በሚስ ኢርማ ተቀየመ። ቤተ ክርስቲያን ከጎናቸው የሚቀመጥ ጠፋ። እኔም ራሴ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ።

ረቡዕ አውቶቡሱ ከተሰረዙት አሥሩን ይዞ መጣ። ዶሬታ ሎኪ የምትባለዋ ዶሮ ማረጃ ሥራ ገብታ ነበር፤ ሳትመለስ ቀረች።

ልጆቼ፣ አደራ። ውጤቱንና ዋንጫውን ብትረሱት ግድ የለም። ዶሬታን ግን አስታውሱልኝ፤ ይቺም የእኛ ልጅ ነበረች።