በግማሽ የሚበራው አባዡር

«አሁንስ?» አለች የፌንጣ የእንጀራ እናት ከኮሪደሩ። የስፌት መኪናዋን ስፒና ከሶኬቱ ነቅላ በእጇ ይዛለች።

አባቷ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። የሙዚቃ ሸክላው ገና አልተከፈተም፤ የሚሰማው ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ ዝዝዝ የሚል ነገር ብቻ ነው።

«አሁንም አለ።»

«ነቅዬዋለሁ እኮ። ከዚህ በላይ እንግዲህ ግድግዳውን ልንቀል?»

ፌንጣ አባዡሩ ሥር መጽሐፏን ገልጣ ተቀምጣለች። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት። አሁን ግን ንቅንቅ አላለችም። እውነቱን ለመናገር፣ የእንጀራ እናቷ መጨነቅ ትንሽ ደስ ብሏታል።

ዝዝዝታው የመጣው ከሴትዮዋ ጋር ነው። አንድ ሻንጣና አንድ የስፌት መኪና ይዛ ገባች፤ ወዲያው ስፒከሮቹ መንጫጫት ጀመሩ። አባቷ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የሚውል ሰው ነው። የሞተርና የጡሩምባ ጩኸት ጠግቦ ሲመጣ የቀረችለት ደስታ ጫማውን አውልቆ ሸክላዎቹን መስማት ናት። ሬዲዮ ሠሪው «ሞተር ያለው ዕቃ መስመር ይረብሻል» ስላለው መጀመሪያ የስፌት መኪናው ከሳሎን ወደ ኮሪደር ወጣ። ቀጥሎ አባቷ ሲያዳምጥ ሴትዮዋ መስፋት አቆመች። ዛሬ ደግሞ ስፒናው ራሱ ተነቀለ።

«እህቴ ቤት ልውሰደው» አለች የእንጀራ እናቷ ገመዱን እየጠቀለለች። «ጠዋት ሄጄ እየሰፋሁ ማታ እመለሳለሁ። ቅዳሜ ወንድሜ በፒክአፑ ይወስድልኛል።»

«መንገዱ ይገድልሻል።»

«ምን ይደረግ። እኔ ስገባ ነው የጀመረው፤ ይውጣና ይታይ።»

አባቷ ፊቱን አሻሸ፤ «ተይ» ግን አላላትም።

ፌንጣ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። እንደ ልማዷ አባዡሩን አበራች፤ ከዚያ ስልኳን ስፒከሮቹን በሚያስጮኸው አምፕሊፋየር ላይ ሰክታ ሙዚቃ ልትከፍት ስትል ያው ዝዝዝታ ተቀበላት። የስልኳ ባትሪ ሊያልቅ ስለነበር አባዡሩን ነቅላ በቦታው ቻርጀሩን ልትሰካ አጠፋችው።

ቤቱ ጸጥ አለ።

መልሳ አበራችው፤ ንቢቱ ተመለሰች። አንገቱ ላይ ያለችውን ማደብዘዣ ቀስ አድርጋ አዞረቻት። መብራቱ ሲደምቅ ድምፁ ሳሳ፤ ሙሉ በሙሉ ሲበራ ጭራሽ ጠፋ። ወደ ግማሽ ስትመልሰው ግን ስፒከሮቹ አጉረመረሙ። የሳይንስ መምህራቸው ማደብዘዣ መብራት የሚያደበዝዘው ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ነው ብለው አስተምረዋቸው ነበር። ያኔ ለፈተና ብላ ነበር የሸመደደችው።

አባዡሩ የእናቷ ነው። እናቷ አስተማሪ ነበረች፤ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም ማደብዘዣዋን ሁልጊዜ ግማሽ ላይ ነበር የምትተዋት። «አባትሽ ለፍቶ ነው የተኛው፤ በብርሃን ላስነሳው?» ትል ነበር። የእንጀራ እናቷ የገባች ዕለት ፌንጣ አባዡሩን ከመኝታ ቤቱ ተሸክማ አወጣችው፣ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል አቆመችው፣ አምፕሊፋየሩ የተሰካበት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ሰካችው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በግማሽ ታበራዋለች። ማንም አልጠረጠረውም፤ ቢጠረጥርም ደፍሮ የሚነካው አልነበረም።

በማግስቱ ለጓደኛዋ ብቻ ነገረቻት።

«ዝም በያ» አለቻት ጓደኛዋ። «ማን ነቃብሽ? ሴትዮዋ ራሷ ናት እሄዳለሁ ያለችው። አንቺ ምን አገባሽ?»

«ሼም አይሆንም?»

«ሼሙ ምኑ ላይ ነው? የእንጀራ እናቴን በመብራት አባረርኩ አላልሽ!»

ጓደኛዋ ሳቀች። ፌንጣም አብራ ሳቀች፤ ሳቁ ግን አልዋጥላት አለ።

ቅዳሜ ፒክአፑ በር ላይ ቆመ። የስፌት መኪናው በአንሶላ ተጠቅልሏል። የእንጀራ እናቷ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ እየዳበሰች የሆነ ነገር ትለቅማለች።

«ምን ጠፋብዎ?» አለች ፌንጣ።

«ምንም። አንቺ በባዶ እግርሽ ነው የምትሄጂው፤ መርፌ ቀርቶ እንዳይወጋሽ ብዬ ነው።»

ፌንጣን አንጀቷን በላቻት። መንገድ ልትሄድ የተነሳች ሴት ስለ እሷ እግር ታስባለች።

«አባዬ» አለች ወደ ሳሎን ገብታ። «አምፕሊፋየሩን ክፈተው እስቲ።»

አባቷ ግራ እየገባው ከፈተው። ዝዝዝ አለ። ፌንጣ አባዡሩን አጠፋችው፤ ጸጥ አለ። አበራችው፤ ተመለሰ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐሙስ።»

አባቷ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ ተጠቀለለው መኪና አየ፣ ከዚያ አባዡሩ ላይ ዓይኑን ጥሎ ቆየ። «ታዲያ... እሱን ምን እናድርገው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምንም አታድርጉት» አለች የእንጀራ እናቷ ከኮሪደሩ ብድግ ብላ። «የእናቷን ዕቃ እንዳትነካባት። እኔ አንዴ ተነስቻለሁ፤ ልሂድ።»

ፌንጣ አባዡሩን ከማከፋፈያው ነቀለችው። አቅፋ ሳሎኑን አቋረጠችና በፊት የስፌት መኪናው ይቆምበት ከነበረው መስኮት አጠገብ፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሰካችው። ማደብዘዣዋን ያዘች፤ ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ግማሽ ላይ ቆሙ።

«ለስፌት ይሄ አይበቃም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። እስከ መጨረሻው አዞረችው።

ስፒከሮቹ ዝም አሉ። አባዡሩ እናቷ በሕይወት ሳለች እንኳ እንዲህ ደምቆ አያውቅም። በደብዛዛው ብርሃን ታይታ የማታውቅ አንዲት የቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ከአባዡሩ ጨርቅ ጫፍ ላይ ታየች፤ የማረሚያው ቀለም ነው። ፌንጣ በጣቷ ነካቻት።

«መኪናው ሲሰፋ ግን ትንሽ መንጫጫቱ አይቀርም» አለ አባቷ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ሸክላህ ሲያልቅ ነዋ የምሰፋው» አለች ሚስቱ። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እስቲ አንድ ሰው ለወንድሜ ይንገረው፤ ሞተሩን እንዳስነሳ ነው።»

አባቷ ወጣ። የእንጀራ እናቷ የአንሶላውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች፤ ጠብቆ ነበርና እምቢ አላት። ፌንጣ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሌላውን ጫፍ ያዘችላት።