የተወለወለው ምሰሶ

ብሪን ኦሌክሲ ሞታ የተገኘችው ተሸፍና ነው። አባቷም፣ የዳንሱ ፌዴሬሽንም፣ የማያውቋት ሰዎችም ለዓመታት ሲለምኗት የኖሩት ያን ቀን ተፈጸመ። እስከ ቁርጭምጭሚቷ የወረደ ጥቁር ታይትና አንገቱ ከፍ ያለ፣ እጅጌው የረዘመ ሹራብ ለብሳ ነበር። በካናዳዋ ሳስካቱን ከተማ፣ የምሰሶ ዳንስ ውድድር በሚካሄድበት የስፖርት ማዕከል ማሟሟቂያ ክፍል፣ አራት ሜትር ከሚረዝመው የብረት ምሰሶ ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች። ጊዜው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

በማዶው አዳራሽ የሰውነት ግንባታ ውድድር ነበረ። ቅባት የተቀቡ ወንዶች ከመሐረብ ያነሰ ጨርቅ ታጥቀው በራሳቸው ኮሪደር ይንጎራደዳሉ። ስለ እነሱ አለባበስ ደብዳቤ የጻፈ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

«ወድቃ ነው» አለ ጡረታው የተቃረበው ፖሊስ፣ ኮንስታብል ድሬገር። «ከላይ ወደ ታች። ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

ሳጅን አግነስ ፍሪዘን ጓንቷን አጠለቀች። አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ሰው ሲናገር የደነቆረች የምትመስል ሴት ነች። ተንበርክካ አስከሬኑን በጎኑ አዘንብላ የሹራቡን አንገት ከኋላ በእስክሪብቶዋ ገለጥ አደረገች። ደሙ ከጭንቅላቷ ኋላ ወርዶ በባዶ ጀርባዋ ላይ ደርቋል። ሹራቡ ከውጭ አንድ ጠብታ አልነካውም። ምሰሶው በተተከለበት መድረክ የብረት ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥቂት ፀጉር ተጣብቋል።

«ድሬገር፣ አንተ ሹራብ የምትለብሰው ከሞትክ በኋላ ነው?»

«እስካሁን አልሞከርኩትም።»

«እሷ ሞክራዋለች።»

አስከሬን አልብሶ የሄደ ሰው፣ ገና እዚያው የሕንፃው ክንፍ ውስጥ ነበር። ወደዚህ ክንፍ የሚያስገባው ብቸኛ በር ካሜራ እንደሚያሳየው ከሟቿ ሌላ ያን ጠዋት የገቡት አራት ሰዎች ናቸው፤ ማንም አልወጣም።

የመጀመሪያው ኩዊን ታቫሬስ ነው፤ በወንዶች ምድብ የሚወዳደር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። አስከሬኗን ያገኘው እሱ ነው። በመስታወት በር በሚለየው ቀጣይ ክፍል ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ቁጭ ብሏል፤ ከሥሩ ስንዝር ታኮ ያለው ቀይ ጫማ ይታያል።

«እንዲህ ለብሳ ምሰሶ ላይ ትወጣለች?» አለችው ፍሪዘን።

«በታይት? ሳጅን፣ እኛ ምሰሶውን የምንይዘው በቆዳችን ነው። በጭን፣ በብብት፣ በጉልበት ሥር። ጨርቅ ካለ ቁልቁል ነው። ሰው ራቁት መሆን አምሯቸው ይላል፤ እኛ መውደቅ ስላላማረን ነው።»

«ጫማውስ?»

«እሱ አምሮኝ ነው።»

«ስትወርድ ምን ታደርጋለህ?»

«እወለውላለኋ። ላብና እጅ እንዳያንሸራትት የምንቀባው ነጭ ዱቄት ከቀረበት ቀጣዩ ሰው አንገቱን ይሰብራል። አልኮልና ጨርቅ ይዤ አናቱ ድረስ እወጣና እየወለወልኩ እወርዳለሁ። እጄ ነው የሚሠራው፣ እኔማ ቁርሴን እያሰብኩ ነው።»

ፍሪዘን በመስታወቱ በር ወደ ምሰሶው አየች። ከታች እንደ መስታወት ያበራል። ከግንባሯ ከፍታ በላይ ግን ነጭ የዱቄት አሻራ እስከ ጣሪያው ይወጣል። ጥቂት ቆማ ተመለከተችው።

የፌዴሬሽኑ ሊቀመንበርና ዋና ዳኛ ጁዲት ሃንሊ ግራጫ ሱፍ ለብሳ፣ አዲሱን የአለባበስ መመሪያ በክንዷ አቅፋ ገባች።

«ይህ ስፖርት ነው» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ። «ታኮ የለም። የሚያብለጨልጭ ነገር የለም። ኦሎምፒክ እንድንገባ ነው የምንለፋው።»

«ምሰሶውን ነክተሽዋል?»

«እኔ? እኔ ከጂምናስቲክ ነው የመጣሁት። እዚያ ብረት ላይ ዱቄት ይጨመርበታል እንጂ እንደ ሳህን አይወለወልም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከብሪን ጋር ችግር ነበረብን፣ አልዋሽም። አስተዋዋቂው እንዲያነበው የሰጠችው ጽሑፍ የማይሆን ነው። ትናንት ለአሰልጣኟ ሰጥቼ አስተካክዪው አልኳት።»

«ምን ይል ነበር?»

«አላነበብኩትም ማለት እፈልጋለሁ» አለች ሃንሊ፤ ወዲያው ግን ቅጂውን ከመመሪያው ውስጥ አወጣች።

ፍሪዘን ሁለት ጊዜ አንብባ ኪሷ ከተተችው።

ሦስተኛው የሟቿ አባት ዋልተር ኦሌክሲ ነው፤ ከአራት ሰዓት መንገድ በጭነት መኪና የመጣ ገበሬ። ድሬገር የሽማግሌውን ስልክ በድል አድራጊነት ያዘ።

«ከሁለት ሳምንት በፊት የጻፈላትን ስሚ። ‹ገላሽን ሳትሸፍኚ ደጄን እንዳትረግጪ።› ሸፈናት እንግዲህ። ሌላ ምን ቀረ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ ዋልተር። እጆቹ ጉልበቱ ላይ እንደ ሁለት ድንጋይ ተቀምጠዋል። «መልስ አልሰጠችኝም። አንድ ጊዜ ልያት ብዬ ትኬት ገዛሁ። እኔ እንደሆንኩ እንዳታውቅ ጥግ ላይ።»

«ማን ያምንሃል?» አለ ድሬገር።

«ማንም።»

ካቴናው ከድሬገር ወገብ ወጥቷል። ፍሪዘን በዓይኗ ብቻ መለሰችው።

የመጨረሻዋ አሰልጣኝ ሮክሳን ፔልቲየር ነበረች፤ ቁመቷ ከሳጅኗ ብዙም የማይበልጥ፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት።

«ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ነበርኩ። እዚያ ማሟሟቂያ ክፍል አልገባሁም። የኔ ልጅ ነበረች፣ ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ» አለችና ሰው ከራሷ በላይ መንጠቆ ላይ ወደሰቀለላት ቦርሳዋ ዞራ ጥግ የተቀመጠውን ኩዊንን ጠራች። «ኩዊን፣ እስቲ አውርድልኝ የኔ ጌታ። ሁለቱም ትከሻዬ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አይነሱልኝም።»

ፍሪዘን መነጽሯን አድርጋ አየቻት። ከዚያ ሁሉንም ወደ ማሟሟቂያው ክፍል ጠራች። አስከሬኑ ተነሥቷል። አራቱም ከድሬገር ጋር ምሰሶውን ከበው ቆሙ።

«ብሪን ወጥታ ነበር» ብላ ጀመረች። «ዱቄቷ ላይኛው ብረት ላይ አለ። የወጣችው ደግሞ በባዶ ቆዳዋ ነው፤ ኩዊን እንዳለው በታይት አይወጣም። ታዲያ የታችኛው ብረት ለምን ንጹሕ ሆነ?»

«ስትወርድ ወልውላው ይሆናል» አለች ሃንሊ።

«ብሪን ብትሆን እንደ ኩዊን ከአናቱ ትጀምር ነበር። ይህን የወለወለው ሰው ምሰሶ ላይ አይወጣም። ቆሞ፣ እጁ እስከደረሰበት ነው።» ወደ ድሬገር ዞረች። «አንተ ሽማግሌውን ትላለህ። ገበሬ ልጁን ከገደለ በኋላ ብረት ይወለውላል?»

«አሻራ ለማጥፋት።»

«አሻራውን ለማጥፋት መድረኩን ያብስ ነበር፤ ፀጉሯ እኮ እዚያ ተጣብቆ ቀርቷል። ይህ አሻራ ማጥፋት አይደለም፣ ልማድ ነው። እጅ ሳያስብ የሚሠራው። እኔም፣ ዳኛዋም፣ ገበሬውም ይህ ልማድ የለንም። ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ኩዊን ቢሆን ጣሪያው ድረስ ያበራ ነበር፤ ባይወጣ እንኳ እጁን ሲዘረጋ ከኔ ግንባር በብዙ ይርቃል። ያ የዱቄት መስመር የቆመው ትከሻው የማይነሳለት ሰው ጋ ነው።»

ሮክሳን ወደ ምሰሶው አላየችም። ማየት አያስፈልጋትም ነበር፤ እጇ አስታውሷል።

ፍሪዘን ወረቀቱን አውጥታ አነበበች። «‹ይህን ዳንስ በታኮ የምደንሰው፣ በኤድመንተን የራቁት ዳንስ ቤቶች ስድስት ዓመት ሠርታ ይህን ጥበብ ላስተማረችኝ ለሮክሳን ፔልቲየር ነው። በመጣንበት አላፍርም።›»

ከማዶ አዳራሽ ጭብጨባ ተሰማ። ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

«ሀያ ዓመት» አለች ሮክሳን ቀስ ብላ። «ሀያ ዓመት ያንን ቃል ከስሜ ላይ ስፍቅ ኖርኩ። ልጆች አሉኝ፣ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ይልኩልኛል። እሷ በማይክ ልታመሰግነኝ። ተይ አልኳት፣ ሳቀች። ‹አንቺኮ ነሽ ያስተማርሽኝ› አለችኝ። ገፋኋት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፖሊስ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል። በዚያች ብጣሽ ጨርቅ ተኝታ። ጋዜጦቹ ምን ብለው እንደሚጽፉላት አውቃለሁ። ለእኔም ጽፈውልኛል። ስለዚህ የራሷን ማሟሟቂያ ልብስ ከቦርሳዋ አውጥቼ አለበስኳት። ብረቱን መወልወሌን ግን አላስታውስም።»

ድሬገር ለሽማግሌው ያወጣውን ካቴና በእሷ እጅ ላይ አሰረ። ትከሻዋ ስለማይታጠፍ ከፊት ለፊቷ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ከውጭ ካሜራዎች እንዳሉ አየች፤ ፊቷን በካፖርቷ አንገት ውስጥ ቀበረች።

ሃንሊ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ውድድሩ በአራት ሰዓት ይጀምራል። ለኀዘኑ ሲባል ተወዳዳሪዎች ሁሉ ሸፈን ያለ ጥቁር ቢለብሱ...»

«እንወድቃለን እትዬ» አለ ኩዊን።

ዋልተር ኦሌክሲ አልተንቀሳቀሰም። አሁን ነፃ ሰው ነው፤ የሚሄድበት ግን የለውም።

«መድረክ ልትወጣበት የነበረው» አለ በመጨረሻ። «የውድድር ልብሷ የታለ?»

ልብሱን ኩዊን ከብሪን ቦርሳ ሥር ተጠቅልሎ አገኘው። ፍሪዘን ፈተሸችውና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው መዳፉ ላይ ተቀበለው፤ የደረሰ ስንዴ የመሰለ፣ ከመዳፉ ብዙም የማይተርፍ። ረጅም ጊዜ አገላበጠው። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ራሷ ነው የሰፋችው?»

«ሁለት ወር ሙሉ» አለ ኩዊን።

«አስከሬን ክፍል ደውይልኝ» አላት ሳጅኗን። «ያንን ሱሪ ያውልቁላት።»