ያልበሰለው ሩዝ

«ሴቶች በጓሮ በኩል ነው የሚገቡት፤ ለቅሶው እዚያ ነው» አለ ሞታሌብ እጁን እያወናጨፈ።

«ለለቅሶ አልመጣሁም። መርማሪ ማህፉዛ ነኝ። ወንድምዎ የት ነው?»

ሞታሌብ አፍሮ መንገድ ለቀቀ።

የወንድሙ የቶፋዛል አስከሬን ከበረቱ ጀርባ፣ ተጎትቶ ከወጣበት፣ ክዳኑ ከተከፈተው የእበት ጉድጓድ አጠገብ ተጋድሟል። የጉድጓዱ ጋዝ በቧንቧ ወደ ማድቤት ይሄዳል፤ ዝቃጩ ወደ ዓሣው ኩሬ፣ የኩሬው ጭቃ ወደ አትክልቱ። እሱና ሚስቱ ጆሪና ሁሉንም በእጃቸው ነው የሠሩት።

ማህፉዛ ተንበረከከች። የሟቹ ፊት በዝቃጭ ተለውሷል፤ የአፉና የአፍንጫው ውስጥ ግን ንጹሕ ነው። ማጅራቱ አብጧል። የጉድጓዱን ክዳን ዙሪያውን ያሸገው ቢጫ ሸክላ ተፈርፍሮ ወድቋል።

«ጎህ ሲቀድ ክዳኑን አንስቶ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ሞታሌብ። «ከዚያ ገበያ ሄድኩ። ጉድጓዱን ጥረግ እያለች የነዘነዘችው ሚስቱ ናት! ጋዙ እንደሚገድል እያወቀች! ዛሬውኑ ከዚህ ግቢ ትውጣ!»

«ትውጣ!» አሉ ጎረቤቶቹ ከአጥሩ ማዶ።

ጆሪና ከወጣች መሬቱ ለሞታሌብ ይቀራል። በአቅራቢያው ያለው ጡብ ፋብሪካ ደግሞ አፈሩን ለመግዛት ከቋመጠ ቆይቷል።

ማድቤት ውስጥ ጆሪና ጥርሷን ነክሳ ከአማቷ ከእማማ ሻሄራ ጎን ተቀምጣለች። ማህፉዛ ከድስቱ አንድ ፍሬ ሩዝ አንስታ በጣቷ ጨመቀች። መሃሉ ጥሬ ነው።

«ለምን አልበሰለም?»

«እሳቱ ጠፋብን» አለች ጆሪና።

«መቼ?»

«ፀሐይ ከወጣች በኋላ» አሉ እማማ ሻሄራ። «ሻይ አፍልተን ጠጥተናል። ሩዙ መንተክተክ ሲጀምር እሳቱ እልም አለ። ‹ላሞቹ አድማ መቱ እንዴ?› ብዬ አሳቅኋት። ልጄ ሞቶ እኔ እቀልዳለሁ!»

ማህፉዛ ሁሉንም ጉድጓዱ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ክዳኑ ሲነሣ ጋዙ ይበተናል፤ ምድጃው ይጠፋል። ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ሻይ አይፈላም ነበር። የተከፈተው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ያኔ ሁለቱ ሴቶች አብረው ማድቤት ነበሩ። ቶፋዛል ደግሞ እየተነፈሰ ቢወድቅ ዝቃጩ አፉ ውስጥ ይገባ ነበር። ማጅራቱን ተመትቶ፣ ከሞተ በኋላ ነው የተጣለው።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?» አለ ሞታሌብ።

«ያልሆነውን አየሁ ያልከው አንተ ነህ» አለች ማህፉዛ፤ አንቱታውን ትታለች። «ጎህ ሲቀድ መታኸው። በሸክላ የታሸገውን ክዳን እስክትፈነቅል ፀሐይ ወጣችብህ። እጅህን አሳየኝ።»

እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ከማህፉዛ ጋር ከመጡት ፖሊሶች አንዱ ጎትቶ ዘረጋው። ጥፍሮቹ ሥር ቢጫ ሸክላ ተሰግስጓል።

«ይህንንም ከገበያ ነው የሸመትከው?»

«ለእበት!» ጮኸ ሞታሌብ። «ለእበት ብሎ መሬታችንን ለፋብሪካው አላሸጥም አለኝ! ሀብታም ልሆን ስል እበት ዛቅ አለኝ!»

እማማ ሻሄራ ፊቱ ላይ ተፉበት።

ፖሊሶቹ ሞታሌብን ይዘው ሄዱ። ትውጣ ሲሉ የነበሩት ጎረቤቶች ጆሪናን ሊያጽናኑ ወደ ቤቷ መጡ። እሷ ግን በሩን ዘጋችባቸው።