ለእንግዳ የተከለከለ ባምባ

በዚያ ዘመን መተማ የወረደ እንግዳ አዛናውንና ሚስቱን አገኘሽን ሳያይ አይመለስም ነበር። ከጭልጋ የመጣ ዘመድ ይሁን ከገላባት የተሻገረ ግመለኛ፣ ገና ጓዙን ሳያራግፍ ባልና ሚስቱ ይነታረኩበታል። «መጀመሪያ ዘሊካ ራኩባ ሄዶ የአሲዳ ገንፎ በዌካ ይብላ!» ትላለች አገኘሽ። «ወግጂ! ጓንግ ወንዝ ወርዶ ዓሣውን ከፍሙ ላይ አንስቶ ካልበላ ምኑን መተማን አየው?» ይላል አዛናው። ዘሊካ በሣር ዳሷ፣ በራኩባዋ፣ ምግብ የምትሸጥ እስላም ናት፤ ሥጋዋን ባይበሉላትም የባሚያ ወጧን ዌካንና ቀይ መጠጧን ከርካዴን ግን ማን ይጠግበዋል! ሁለቱ የሚስማሙት በባምባው ብቻ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ፣ ሆዱ እንደ ጎጆ የተቦረቦረ ትልቅ የባምባ ዛፍ አለ። አገር በሐሩር ሲነድ እንኳ ውስጡ ይቀዘቅዛል። እዚያ ሲቃረቡ አገኘሽ ከሩቁ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ግቡ እንግዶቼ፣ ግቡ! ጥላው የእግዜር፣ መስተንግዶው የኛ!» ትላለች። ያቺ ሴት ስትናገር ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ባሏ «አንቺን ሲፈጥር ጡሩምባ ሊሠራ አስቦ ነው» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም ከት ብላ ትስቃለች። ወይ ደግ ዘመን! መቼ ይቆያል ብለን ነው?

ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ደምለው ቋራ ጫካ ገብቶ አርበኛ ሆነ። ደምለው አንድ ልጃቸው ነው፤ ሌሎቹን የቆላ ንዳድ ከአገኘሽ ጡት ላይ ነጥቋታል። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ጭኑን ጥይት በልቶት ጓደኞቹ በቃሬዛ አመጡት። ቤት እንዳያስገቡት ባንዳ ደጃቸውን ይጠብቃል። የት ያድርጉት? እንግዳ የሚያስቀምጡበት ባምባ ሆድ ውስጥ ሸሸጉት። እናቱ ውሃ ልትቀዳ የወጣች መስላ፣ ምግቡን ከጋቢዋ ሥር ይዛ ትሄዳለች፤ ቁስሉን አጥባ፣ ግንባሩን ስማ ትመለሳለች። የዘሊካ ወንድም ኢሳ በገበያ ቀን ከግመል ጭነት መካከል ደብቆ ገላባት ሊያሻግረው ቃል ሰጥቷል። ማዶ ሱዳን ያለው እንግሊዝ ነው፤ ከተሻገረ ይተርፋል። «አምላኬ፣ እስከ ገበያው ቀን ብቻ ጠብቅልኝ!» ነበር የአገኘሽ ጸሎት። ይህ ብዙ ነው? እናት ይህችን ታህል ብትለምን ምን አለበት?...

ክፉ ዕጣ ግን በዘመድ አምሳል መጣ። የአዛናው የአጎት ልጅ አለነ ከጭልጋ ወረደ። ቂም የማያውቅ፣ ሆደ ቡቡ፣ ወሬ ግን የማይቋጥር ሰው ነው። አሲዳውን አበሉት፣ ዓሣውን አበሉት፤ በዚያው አበቁ። «እታገኘሽ፣ ባምባውስ?» ቢላት፣ «ዘንድሮ ንብ ሰፍሮበታል፤ ይነድፍሃል» አለችው። ዞር ብሎ አዛናውን ቢጠይቀው፣ «ተወው፣ እባብ ገብቶበታል» አለው። ምስኪኖች! ዕድሜ ልካቸውን ቤታቸውን ከፍተው የኖሩ ሰዎች መዋሸትን መቼ ለመዱና? ተማክረው እንኳ አልዋሹም። አለነ ቅር ብሎት ዘሊካ ራኩባ ተቀመጠ፤ ከጎኑ ማን እንዳለ ሳያይም «አገኘሽ ባምባዋን ነፈገችኝ! እሷ ንብ ትላለች፣ እሱ እባብ ይላል፤ ዝምድናችን ቀረ መሰለኝ!» ብሎ ሳቀ። ዘሊካ በዓይኗ ብትጠቅሰው አልገባውም። ከጎኑ ከርካዴ የሚጠጣው ሰው የጣሊያኑ አስተርጓሚ ነበር። ሰውዬው ብርጭቆውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ዘሊካ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ አገኘሽ ቤት ብትሮጥ፣ ወታደሩ ቀድሟት ደጁን ሞልቶታል።

አስተርጓሚው እጅ ነሣ፤ እያሾፈ ነው። «እንግዳ ታስጎበኛላችሁ አሉ። ሹሙም እንግዳ ነው። ምሳውን ያዢና ያን ባምባችሁን አሳዩን» አላት። አገኘሽ እንጀራውን ስታጥፍ ጣሊያኑ ሹም ቆሞ ያያል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ አይደል?

አዛናው ከፊት ሆኖ መራ። ሣሩ ፈረሰኛ ይውጣል፤ ዛፉም ከዛፍ ጋር ተደባልቋል፤ አገሩን የማያውቅ ሰው ያን ባምባ አጠገቡ ቆሞ እንኳ አይለየውም። ከወንዙ ወረድ ብሎ ደግሞ ሌላ ባዶ ባምባ አለ። አዛናው እሱን አሳይቶ ሊመልሳቸው ነው። ለሚስቱ ምሳውን የሚያግዛት መስሎ ጠጋ አለና በጆሮዋ፣ «በታች በኩል አሳልፋቸዋለሁ። አደራሽን፣ ዝም በይ» አላት።

ዝም አለች። እግዜር ያውቃል፣ እስኪያማት ድረስ ዝም አለች! ልጇ ያለበትን ሥፍራ ከጎን ትተው አለፉ። ጥቂት እንደሄዱ ግን አንድ ወታደር ቆም ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ለካስ ጫማው ውስጥ የገባ እሾህ ሊያወጣ ኖሯል። እናት ይህን በምን ታውቃለች? አየው አለች፤ ልጄን አየብኝ አለች። «ጠላት መጣ» ብትል ይገድሏታል፤ የወትሮዋን ብትናገር ግን ማን ይጠረጥራታል? ሰው መምጣቱን ሰምቶ ወደ ወንዙ ይሽሽ ብላ፣ አንጀቷ እስኪበጠስ ድምጿን ለቀቀችው።

«ግቡ እንግዶቼ፣ ግቡ! ጥላው የእግዜር፣ መስተንግዶው የኛ!»

ወዮ አገኘሽ! ምነው አንደበትሽን በቆረጠው! ደምለው በትኩሳት ሲቃዥ የሰነበተ ልጅ ነው። ያ ድምፅ በሕይወቱ ሙሉ ክፉ ሰው አስከትሎ መጥቶ አያውቅም። ደግ ሰው መጣ፣ የሚያሻግረኝ መጣ ብሎ በምርኩዙ እያነከሰ፣ ሣሩን ገልጦ፣ ፊቱ በፈገግታ በርቶ ወጣ።

«እምዬ! ኢሳን አመጣሽልኝ?»

ተኩሱ ተደራርቦ ጮኸ። ደምለው በደረቱ ተደፋ። አገኘሽ ልትወድቅበት ስትሮጥ በሰደፍ መልሰው ጣሏት። ሹሙ ባምባው ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ምሳውን አስከፈተ፤ እጁን ታጥቦ በላ። በልቶ እስኪጨርስ ሬሳውን እንዳትነካ ተከለከለች። ሲነሣ አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚው ዝቅ ብሎ፣ «ሥፍራው ደስ ይላል፤ ወጡም ጥሩ ነው ይልሻል» አላት።

ከዚያ ቀን እስከ ተዝካሩ አዛናው ከሚስቱ ጋር ቃል አልተለዋወጠም። በተዝካሩ ዕለት አለነ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ደጁ ላይ ተንበረከከ። «አፌ ነው የገደለው። ወይ ማሩኝ፣ ወይ ግደሉኝ!» እያለ እንደ ሕፃን ነፈረቀ። አዛናው ድንጋዩን በእጁ አወረደለት፤ «እግዜር ይፍታህ ወንድሜ። አላወቅህም» ብሎ አቅፎ ሳመው። ሰው ሁሉ አለቀሰ።

ለቀስተኛው ሲበተን አገኘሽ ያንኑ ድንጋይ ተሸክማ ባሏ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ለእኔስ አዛናው?»

ብዙ አያት። እጁ ወደ ድንጋዩ ዘርጋ አለና ተመለሰ።

«አለነ አላወቀም። አንቺን ግን ዝም በይ ብዬሽ ነበር... አልፈን ነበር እኮ አገኘሽ! አልፈን ነበር!»

ጋቢውን አንሥቶ ወደ ቋራ ወጣ፤ የልጁን ጓደኞች ሊቀላቀል። እሷ ከነድንጋዩ ቀረች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘሊካ መጥታ አገኘቻትና «ተነሽ እህቴ፣ ሄዷል» ብትላት፣ «አላወረደልኝማ!» አለቻት።

ጣሊያን ተባሮ አርበኛው ሲመለስ አዛናው አብሮ አልመጣም። እንዴት እንደወደቀ ነገሯት። «ስሜን ጠርቶ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ከነገሯት ሰዎች አንዱ፣ መዋሸት ያልቻለ፣ «ስለ ልጁ ብቻ ነበር የሚያወራው እማማ» አላት።

አይ ዕጣ ፈንታ! የገደለው ወታደር አገሩ ገብቶ ይሆናል፤ ያሳበቀው አስተርጓሚ ሌላ ጌታ አግኝቷል፤ ወሬውን ያወጣው ይቅር ተብሏል። ለልጇ ነፍስ ብላ የጮኸችው እናት ብቻ ምሕረት አጣች። አምላክ ይማራት ይሆናል፣ እሱ መሐሪ ነው። ድንጋዩን የሚያወርድላት ሰው ግን ቋራ አፈር ሥር ነው።