ዓይን የሌላቸው ፈረሰኞች

ኤቶሬ ባልዛሪኒ ማክሰኞ ቀን በሥዕል ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የብረት ወረቀት መጫኛ ከወንበሩ ሥር ወድቋል። በሳምንታዊ የሥዕል መጽሔት የሚያወጣቸውን ፈረሰኞች ሳይሻማ ያደገ የሚላኖ ልጅ የለም፤ ሬሳውን ግን የሚሻማ አልነበረም።

የፖሊስ ኮሚሳር ቦናልዲ ሲደርስ የሟቹ ልጅ ኦርኔላ እጇ በካቴና ታስሯል።

«ምን አደረገች?»

አሳታሚው ጉይዶቲ ቀደመ። «ማለዳ ስመጣ ይህ ገጽ በእርሳስ ብቻ የተነደፈ ነበር። አሁን በጥቁር ቀለም አልቋል። ረዳቱ ሲልቪዮ ገጹ ገና ሳይቀለም እንደወጣ ይናገራል፤ ከቀትር ጀምሮም ቡና ቤት ካርታ ሲጫወት ታይቷል። ስለዚህ ኤቶሬ ከቀትር በኋላ ብቻውን ሲሠራ ነበር፤ ከዚያ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ኮሚሳር፣ ገጹን ልውሰደው? ነገ ማተሚያ ቤት ይፈለጋል።»

«እጅዎን ይሰብስቡ!»

«ምሳ ላደርስለት ነው የመጣሁት!» አለች ኦርኔላ። «ሞቶ ነው ያገኘሁት!»

ኮሚሳሩ ከቡና ቤት ተመልሶ በሩ አጠገብ ወደቆመው ሲልቪዮ ዞረ። ሠላሳ ዓመት የኤቶሬን የእርሳስ መስመር በቀለም የተከተለ፣ ስሙ አንድም ሽፋን ላይ ያልወጣ ሰው ነው።

«ሥራውን እንዴት ትከፋፈሉ ነበር?»

«ምን ክፍፍል አለ! ዝናቡ፣ አቧራው፣ የፈረሱ ጭራ የእኔ። ዓይን ግን የጌታው ነው። ‹እሱን ተወው ሲልቪዮ፣ መጨረሻ ላይ እኔ እገባበታለሁ› ይለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት!»

«ብቻውን ሲሠራስ?»

«ከዓይን ነው የሚጀምረው» አለች ኦርኔላ። «‹የሚያየኝ ከሌለ ለማን ልሠራ?› ይል ነበር።»

ኮሚሳሩ ገጹ ላይ አጎነበሰ። ቆይቶ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆማቸው።

«እዩት። ዝናቡ አልቋል፣ ጭራው አልቋል። ስድስቱም ፈረሰኞች ግን ዓይናቸው እርሳስ ብቻ ነው። ኤቶሬ ብቻውን ቢሠራው ዓይኑ ቀድሞ ያልቅ ነበር። ይህን ያቀለመው ዓይን እንዳይነካ የተከለከለ እጅ ነው። ሲልቪዮ፣ ጠዋት ገደልከው። ከቀትር በኋላም በሕይወት የነበረ እንዲመስል ከጎኑ ቁጭ ብለህ ገጹን ጨረስክ፤ ከዚያ ወደ ካርታህ ሄድክ። ሰውየውን ገድለህ ትእዛዙን አከበርክ!»

ሲልቪዮ ገነፈለ። «‹ሥራ ማቆሜ ነው› አለኝ። ማን ይተካህ ስለው፣ ‹ከሮማ አንድ ወጣት አለ፤ አንተ ጭራህን ታቀልምለታለህ።› እየሳቀ! ጭራህን አለኝ!»

«እኔስ?» ኦርኔላ ጮኸች። «አጎቴ እያልኩህ ነው ያደግኩት!»

«ዛሬ ትመጫለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲያስሩኝስ? ቆመህ አላየህም?»



«ፍታት» አለ ኮሚሳሩ ከኦርኔላ ጎን የቆመውን ፖሊስ። «ለምን ትቆማለህ? ፍታት!»