እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ

ወርቅ ሠሪው ራጅ አንሺዋን ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተሰበረ ጉትቻዋን ልታሠራ ሱቁ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ «ፍቅር ይዞት ነው» ብሎ ፈረደ። እሱም አመነ፤ ምን ያድርግ፣ ሰው የሚመቸውን ያምናል።

እናቷ ግን አላመኑም። ሊተዋወቃቸው የመጣ ቀን ሻይ ሰጡት፤ ግማሹን እሱ ጠጣው፣ ግማሹን ሱሪው።

«ልጄን ለሰካራም አልሰጥም!» አሉ፣ ገና ከበር ሳይወጣ።

ራጅ አንሺዋ ተከትላው ወጣች። ቆማ በደንብ አየችው። ድዱ ይደማል። በሳቂታነቱ የታወቀው ሰው አሁን የሰው ዓይን ማየት ያፍራል። የጉትቻዋ ደረሰኝ ላይ ያለው ፊርማውም ጉንዳን የሄደበት ይመስል ነበር።

«እውነት ትጠጣለህ?»

«ጠብታ ቀምሼ አላውቅም።»

«ታዲያ ብሩን ወርቅ የምትለብጠው በምንድን ነው?»

«በባዚቃ ነዋ፤ ያ እንደ ውሃ የሚንከባለለው ብር መሳይ። ከወርቅ ጋር ለውሼ በእሳት አተነዋለሁ። የተረፈውን በቀጭን ቱቦ በአፌ ስቤ ወደ ጠርሙሱ እመልሳለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር።»

«ነገ ከእኔ ጋር ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ» አለችው።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ ደረቱንም ራሷ ራጅ አነሳችው። ፊልሙ ላይ፣ ጥቁሩ ሳንባው ውስጥ፣ ነጫጭ ነጥቦች እንደ ተበተነ ጨው ፈክተው ታዩ።

«እነዚህ ከቱቦው አምልጠው ሳንባህ የገቡ የባዚቃ ጠብታዎች ናቸው» አለችው። «እጅህን የሚያንቀጠቅጠው ደግሞ በየቀኑ የምትተነፍሰው የባዚቃው፣ የሜርኩሪው እንፋሎት ነው፤ ነርቭህን ጎድቶታል።» የሽንት ምርመራውም ይህንኑ አረጋገጠ።

ወርቅ ሠሪው ፊልሙን ሲያይ ቆይቶ፣ «እጄ ከዳነ... እንደምወድሽ በምን ታውቂያለሽ?» አላት።

«ሞኝ! መጀመሪያ ዳን» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ባዚቃውን አሽጎ ለሆስፒታሉ አስረከበ፤ መድኃኒቱን ዋጠ። እጁ መዳኑን ለማየት በየሳምንቱ ስሟን ታስጽፈው ነበር። ነጥቦቹ ሁሉ አልጠፉም፤ በሰባተኛው ወር ግን ፊደሉ ቀጥ አለ።

ያን ጊዜ እናቷ ዘንድ ተመለሰ። እሳቸውም ሆን ብለው ሻዩን እስከ አፉ ሞሉት። አነሳ፤ ጠጣ፤ አስቀመጠ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

«ልጄ፣ በከንቱ አማሁህ...»

«ኧረ እማማ! እርስዎ ባያባርሩኝ ልጅዎ ተከትላኝ ትወጣ ነበር? እግዜር ይስጥልኝ።»

እናት ባዶውን ብርጭቆ ሲቀበሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ማንኪያው ተንቃጨለ።

«እማዬ፣ አንቺንም ራጅ ላንሳሽ እንዴ?» አለች ልጅ።

«ዝም በይና ሻይ ድገሚለት» አሉ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። «እስከ አፉ ሙዪለት!»