ወንፊት የሌላት ማውስ

ደርበው ሰው የሚገድልበትን ማውስ ሊመርጥ ወደ ውድነሽ ሱቅ ሲገባ፣ ሴትዮዋ ከሥራዋ ቀና እንኳ አላለችም። እንዲህ ያለ ደንበኛ ለእሷ ብርቅ አልነበረም። ከአባይ ሸለቆ ግድግዳ ጋር ተለጥፋ በተሠራችው በገደል ሥር ከተማ፣ ደመኛ የሆነ ሁሉ በመጨረሻ እሷ ዘንድ ይመጣል።

«ለጨዋታ ነው ለደም?» አለችው።

«ለደም።»

«ነፍስ ይማር። የማን?»

«የወንድሜ። የሙሉሰው።»

አማተበችና ከመደርደሪያው ሥር ድቡልቡል ለስላሳ ሰም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

በገደል ሥር ደመኛ አድብቶ በጥይት መግደሉ ከቀረ ቆይቷል። አሁን ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት ሜዳ ላይ፣ በብረት ገላ ነው። ብረት ገላ ማለት ሁለት ሰው ተደራርቦ የሚያክል፣ እጅና እግር ያለው፣ ሰው በማውስ የሚያዝዘው ማሽን ነው። ደመኛው ሰገነት ላይ ተቀምጦ የራሱን ይነዳል። ገዳዩ ግን በብረቱ ደረት ውስጥ ታስሮ ነው የሚነዳው፤ ነፍስ ያጠፋ ነፍሱን ይዞ ይቅረብ ነው ነገሩ። ደወል እስኪደወል በሕይወት ከቆየ ደሙ ደረቀ ይባላል። ካልቆየም ደረቀ ይባላል።

«ያዘው» አለች ውድነሽ። «እንደ ማውስ አድርገህ። አታስብበት።»

ደርበው ሰሙን ያዘ። እሷም ጎንበስ ብላ እጁን እንደ ሐኪም አየችው።

«አንዳንዱ ሰው መዳፉን ሙሉ ይጥልበታል። ለሱ ትልቅና ጀርባው ያበጠ ነው የሚስማማው። በጣቱ ጫፍ ብቻ የሚነካም አለ፤ ለሱ ቀለል ያለች ትንሽ እሰጠዋለሁ። አንተ ደግሞ እንደ ጭልፊት ነህ። እየው፣ ጣቶችህ ታጥፈዋል፤ የመዳፍህ መጨረሻ ብቻ ነው ያረፈው።»

«ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?»

«አያያዝ ነው እንጂ ጥሩና መጥፎ የለውም። ትልቅ ከያዝክ ግን ጣትህ ያለ ልማዱ ይዘረጋል። ያኔ እጁ ያንተ አይሆንም።» ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «አሁን ስለ ወንድምህ አውራኝ። እጅህን አታንሳ።»

«ለምን?»

«ሱቅ ውስጥ የሚይዝ እጅና ሜዳ ላይ የሚይዝ እጅ አንድ አይደለማ!»

ደርበው አወራ። ሙሉሰውና ገዳዩ ይኸነው በቦዩ ውኃ ተራ ነበር የተጣሉት። ይኸነው የሩቅ ሰው አይደለም፤ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ነው፤ የሙሉሰውን ልጅ ክርስትና ያነሳም እሱ ነው። ያን ቀን ተሳደቡ፣ ተያያዙ፣ ከዚያ አካፋ ተነሳ። ደርበው ሲደርስ ወንድሙ ቦዩ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ አገኘው። ሲገለብጠው ግንባሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ አፉን ጭቃ ሞልቶታል። ያን ጭቃ በጣቱ ጠርጎ ነው ያወጣው። ውኃው ግን ተራውን ጠብቆ መፍሰሱን አላቆመም ነበር።

ሲጨርስ ውድነሽ እጁን ቀስ አድርጋ አነሳችለት። ሰሙ ላይ አምስት ጥልቅ ጉድጓድ ነበር።

ከዚያ ማውሶቹን አመጣች። የመጀመሪያው እንደ ዳቦ የሰፋ ነበር፤ የደርበው ጣት ቁልፎቹ ጋ አልደረሰም። ሁለተኛው ላባ ስለሚያክል ገና ሲይዘው አመለጠው። ሦስተኛዋ ወደ ኋላ ጎበጥ ያለች፣ ጎኗ በሰው አውራ ጣት የተበላች ትንሽ ናት። ስትያዝ እዚያው ተቀመጠች።

«ይቺ ናት» አለ።

«ርካሿም እሷ ናት።»

«ምን ሆና ረከሰች?»

«ወንፊት የላትም። ወንፊት በውዶቹ ሆድ ውስጥ ያለች ቁራጭ ናት። የእጅን መንቀጥቀጥ አበጥራ ትጥልና፣ እጅህ የጀመረውን ራሷ ትጨርስልሃለች። ለጨዋታ የሚገዟት ሁሉ ይወዷታል።»

«ይቺስ?»

«ይቺ እጅህ ያደረገውን ብቻ ታደርጋለች። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

ደርበው ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ስምሽ ውድነሽ፣ ዕቃሽ ርካሽ!»

«ሂድ ወዲያ!» ሳቀች። «እኔም በጊዜዬ ውድ ነበርኩ።» በር ላይ ሲደርስ ግን ጠራችው። «ደርበው! እግዜር እጅህን ይጠብቅልህ።»

ከምን እንደሆነ ግን አላስረዳችውም።

*

በጾም ደም አይፈስም ተብሎ ፍልሚያው ጾሙ በተፈታ ማግስት ሆነ። ከጎህ ጀምሮ ሕዝቡ በሜዳው ዙሪያ ባሉት እርከኖች ላይ ተጨናንቋል። ሰገነቱ ላይ ከደርበው ጎን የአባቱ ወንድም ጋሼ ንጋቱ ተቀምጠዋል። ከተማው «ድንጋዩ ንጋቱ» ይላቸዋል። ደርበው ልጅ ሳለ የአባቱን ገዳይ በዚሁ ሜዳ ላይ የገደሉት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ የብረታቸው ክንድ ሲወርድ ቅንጣት አልተዛነፈም።

«ይቺ ምንድናት?» አሉ ማውሷን አይተው። «በዚችማ ቲማቲምም አይፈነከትም!»

«እጄን ይዛልኛለች፣ ጋሼ።»

ጋሼ ንጋቱ ከደረት ኪሳቸው በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ያቺ የድሮዋ፣ ትልቋ፣ ወንፊት ያላት ማውሳቸው ነበረች። «የአባትህን ደም የመለሰች ይቺ ናት። የወንድምህንም ትመልሳለች።»

«እጄ አይሞላትም፣ ጋሼ። ሞክሬያታለሁ።»

«እጅ ይለምዳል» ብለው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጧት።

መለከት ተነፋ።

ይኸነው ቀድሞ መጣ። ብረቱ በቀኝ እጁ መዶሻ ይዟል፤ እየሮጠ ደርሶ በደርበው ብረት ጉልበት ላይ አሳረፈበት። ብረቱ ተንገዳግዶ ሲደፋ መሬቱ እስከ ሰገነቱ ድረስ ተናወጠ። ሁለተኛው ምት ጭንቅላቱን ገመሰው፤ የመስታወት ዓይኑ ተፈናጥሮ እርከኑ ላይ ሰው መሀል ወደቀ፤ አንዲት ሴት ጮኸች። ሦስተኛው ሊወርድ ሲል ደርበው ጣቶቹን አጥፎ ማውሷን ወደ ራሱ ጎተተ። ብረቱ በጀርባው ተንከባለለና የሚወርደውን ክንድ አየር ላይ ያዘው። አንዴ ጠመዘዘው። ደግሞ ጠመዘዘው። ክንዱ ከትከሻው ተገንጥሎ ጥቁር ዘይት ሜዳው ላይ ተረጨ።

«በለው! በገዛ ክንዱ በለው!» ጮኸ ሕዝቡ።

በገዛ ክንዱ መታው። ጎኑን መታው፤ ብረቱ እንደ ጣሳ ገባ። ጭኑን መታው፤ አጥንት የሚመስል ዘንግ ወጣ። ከደረቱ ውስጥ ሰው ሲጮህ ይሰማል። ደርበው በእያንዳንዱ ምት የወንድሙን አፍ ነበር የሚያየው፤ ያን ጭቃ። ደስም አለው። በኋላ ለንስሐ አባቱ ሲናገር ይህን አልደበቀም፤ እውነት ደስ ብሎት ነበር።

የይኸነው ብረት በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጀርባው ተዘረረ። ደርበው ወገቡ ላይ ቆመበትና የደረቱን ክዳን ነቅሎ ወረወረው። ውስጡ ይኸነው በቀበቶ ታስሮ ተኝቷል። ቅንድቡ ተቀዶ ደሙ ዓይኑን ሸፍኖታል፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም። የደረቱ ድምፅ ማጉያ ግን ገና ይሠራ ነበር።

«ደርበው» አለ። «ዓይኔን ልጨፍን ወይስ ልይ?»

የደርበው ብረት ክንድ ተነስቷል። የቀረው አንዲት መጫን ብቻ ናት። ደርበው ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ፤ ጣቱ አልወረደም። እጁ ከአንጓው ጀምሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሜዳው መሀል፣ ከነጡጫው የቆመው ያ ግዙፍ ክንድም አብሮት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ብሎኖቹ ሲንቋቁ እርከኑ ድረስ ይሰማል።

በገደል ሥር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። መጀመሪያ የሳቀው አንድ ሰው ነው። «ብረቱን ወባ ይዞታል!» አለ። ከዚያ ሳቁ እርከኑን ሁሉ ዞረ።

«ተበላሽቷል!» ጋሼ ንጋቱ ብድግ አሉ። «ማውሷ ናት! አላልኩህም?» የተበላሸ ማውስ መቀየር በሕጉ የተፈቀደ ነው። የትንሿን ገመድ ነቅለው የራሳቸውን ሰኩ፤ የደርበውን እጅ አንስተው ላይዋ አሳረፉት።

ክንዱ ቀጥ አለ። ሳቁም ቆመ።

ደርበው ቁልቁል እጁን አየ። ትልቋ ማውስ ጀርባ ላይ ጣቶቹ ያለ ልማዳቸው ተዘርግተዋል፤ ይንቀጠቀጣሉ። ቀና ብሎ ብረቱን አየ። ድንጋይ ነው። እንደገና እጁን አየ። የማን እጅ ነው ታዲያ እዚያ የቆመው?

እጁን ከላይዋ ሊያነሳ ፈለገ። ሲያነሳ አመልካች ጣቱ ቁልፉን ነካ፤ ነካ እንጂ አልተጫነም። ለወንፊቷ ግን በቂ ነበር። የተጀመረ ነገር አገኘችና ልትጨርሰው ክንዱን ለቀቀችው።

ደርበው ማውሷን ከነገመዷ መንጭቆ ግድግዳ ላይ ወረወራት። ክንዱ መንገድ ላይ ሳለ ተዛነፈ። የይኸነውን ጭንቅላት ስቶ ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች ከብረቱ ጋር አደቀቀው። ጩኸቱ ከገደሉ ግድግዳ ጋር እየተላተመ ብዙ ቆየ።

ደወሉ ሲደወል ይኸነው በሕይወት ነበር።

*

ቁስለኛውን ሊወስዱ የመጡት ሰዎች ቀበቶውን ሲቆርጡ፣ እርከኑ እያጉረመረመ ተበተነ። አንዳንዱ ወደ ሰገነቱ እየተፋ አለፈ። «ሴት!» ያለም ነበር። ደርበው ወንድሙን ሜዳ ላይ ጥሎት እንደሚሄድ ሰው ሆኖ ተሰማው፤ ግን አልተነሳም።

ጋሼ ንጋቱ ወለሉ ላይ ተንበርክከው የማውሳቸውን ስብርባሪ ይለቅማሉ። «አዋረድከን» ሊሉት ነው ብሎ ጠበቀ። አላሉም።

«እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ብረቱ ግን አልተንቀጠቀጠም። የኔዋን ከያዝክ ወዲያ።»

«ወንፊት አላታ። መንቀጥቀጡን ታወጣዋለች። ከዚያ የጀመሩትን ትጨርስልዎታለች።»

«አንተ ያን ጊዜ መጨረስ ፈልገህ ነበር?»

«አልፈለግኩም።»

ሽማግሌው ስብርባሪውን በመሀረቡ ቋጥረው ተነሱ። ወንበሩ ላይም ተቀመጡ።

«የአባትህ ደም የተመለሰ ቀን» አሉ፣ «አንተ እዚህ ነበርክ። ይቺን ወንበር በሁለት እጅህ ይዘህ ቆመህ ነበር። አስታውስ እስቲ፣ ልጄ። ያን ዕለት እጄ እንዴት ነበር?»

ደርበው ዓይኑን ጨፍኖ ፈለገ። የብረቱ ክንድ ሲወርድ አገኘው፤ ቀጥ ያለ፣ የጸዳ። ድምፁን አገኘው። «ድንጋዩ! ድንጋዩ!» የሚለውን ጩኸት፣ በሰው ትከሻ ላይ ከፍ ብሎ ያየውን ሰማይ፣ ሁሉንም አገኘ። የጋሼን እጅ ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው።

«አላየሁትም፣ ጋሼ» አለ። «ሁላችንም የምናየው ብረቱን ነበር።»

ጋሼ ንጋቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አሳረፉት፤ መዳፋቸውን ሙሉ፣ ማውስ እንዳለ ሁሉ። ደርበውም ወንበሩን አስጠጋ። ሜዳው ውስጥ ዘይትና ደም በአሸዋ ሲሸፈን፣ ሁለቱ ጎንበስ ብለው ያቺን እጅ ትንቀጠቀጥ እንደሆነ ያዩ ጀመር።